ያለ ታኮ የቆመው ኤንትሬ

ኤጭ! የቀለም ሽታ ነፍሴ አይወደውም። በተለይ ይሄን ከጣሳ ውስጥ ፊስስ እያለ የሚረጨውን፣ ጉሮሮ አንቆ ይዞ ቀኑን ሙሉ ምላስ ላይ መራራ ነገር ትቶ የሚውለውን። ባለፈው እሁድ ታናሽ ወንድሜ ግርማ ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር ፎቅ ላይ የከፈተውን ካፌ መርቂልኝ ብሎ ጠርቶኝ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ደረጃውን እያለከለክሁ ወጥቼ በሩን ስገፋው የተቀበለኝ ይሄው ሽታ ነው። ግድግዳው ላይ የማይናገር ሬዲዮ፣ የዛገ ፋኖስ፣ ማን እንደጠጣበት የማይታወቅ ዋንጫ ተሰቅሏል። ሰው የገዛ አያቱን ዕቃ ለቆራሌው ከሰጠ በኋላ የሌላ ሰው አያት ዕቃ ገዝቶ የሚሰቅለው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። እየተገላመጥኩ አልፌ ባንኮኒው ጋ ስደርስ፣ ከስሩ ሰማያዊ መብራት በሚበራበት የመስታወት መደርደሪያ ላይ የአባባን ኤንትሬ አየሁት።

ኤንትሬ ስል ያንን አፍንጫ የሌለውን፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነውን የጣሊያን ከባድ መኪና ማለቴ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ያለ የአቃቂ ሰው ድምፁን ተኝቶም ይለየዋል። የአባባ ኤንትሬ ግን ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም፤ እኔና ግርማ በልጅነታችን ከለቀምነው ውዳቂ የሰራነው ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ እኔ ቤት ቁም ሳጥኑ ላይ ጨርቅ ለብሶ ኖሯል። ግርማ ከወራት በፊት መጥቶ «እታለም፣ አቧራውን ላስጠርገውና ካፌው የሚከፈት ዕለት እናስቀምጠው፣ አባባን ሰው ይወቅልን» ሲለኝ ነው አቅፌ ያስረከብኩት። አቧራ ነው ያለኝ! አሁን የማየው ግን እንደ ተላሰ ከረሜላ የሚያብለጨልጭ ቀይ ነገር ነው፤ ጎማው አዲስ፣ መስታወቱ አዲስ፣ ስፖኪዮው አዲስ፣ ፊቱ ላይ ያለው ፍርግርግ እንደ ሙሽራ ጥርስ የነጣ። ግርማ እልል እንድልለት አፌን አፌን ያያል። እኔ ሆዬ አፌን በነጠላዬ ይዤ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የሚገርመው እኔ ጠያፍ ሰው አልነበርኩም። በልጅነቴ ያልነካሁት ቆሻሻ፣ ያልገባሁበት ጉድጓድ የለም፤ ያውም ለዚሁ መኪና ስል።

ቤታችን አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፣ እናታችን እማዬም ንግግሯን አቁማ እስኪያልፍ ትጠብቅና ካቆመችበት ትቀጥላለች። እሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሰራለች፤ አባባ ደግሞ የአሰብ መስመር ሹፌር ነው። አባባ ሲበዛ ተጸያፊ ነበር። ጋቢናውን ሳይወለውል የሚነዳ ሹፌር ለእሱ እጁን ሳይታጠብ ማዕድ ከሚቀርብ ሰው አይለይም፤ ሌላ ሰው ያበላሸውን ማርሽ ሲሰማ መንገድ ዳር ቆሞ ምራቁን እትፍ ይላል። የሚወደው ሁለት ነገር ነው ይሉ ነበር፣ ኤንትሬውንና ሰኢድን። ሰኢድ የወሎ ልጅ ነው፣ ረዳቱ፤ አባባ ሲነዳ እሱ ከጎኑ፣ አባባ ዳገት ላይ ሲቆም እሱ ከስር።

ታዲያ ስኳር በሽታ የአባባን ዓይን ቀስ በቀስ ወሰደው። ድርጅቱ ጡረታ አስወጣው፤ ብዙም ሳይቆይ መኪናውም አርጅቷል ተብሎ ለቁርጥራጭ ተሸጠ። ይሄን መርዶ ያመጣው ሰኢድ ነው፤ ደፍ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ በለቱት» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ አፉን ዘጋ። ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን እህል በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ይተወዋል፣ ስሙን ቢጠሩት አይዞርም። እማዬ ለጎረቤት «ሰውዬው ቁጭ ባለበት እየሄደብኝ ነው» ስትል ሰምቼ፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አባቴ ሊሞት መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ያዳነው ጠያፍነቱ ነው። ግርማ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሽቦ መኪና ነበረው፤ ወለል ላይ ጥሎት ኖሮ አባባ ከወንበሩ ሲነሳ ረገጠው። ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ ዳሰሰው፣ ገለበጠው፣ ፊቱ እንደ ኮሶ ጠጪ ተጨማደደ፤ ከዚያ በዝምታ ከከረመው አፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ይሄ ነው መኪና? ባሌስትራው የታለ?» የሚል ሆነ። እማዬ የያዘችውን ሰፌድ ጣለች። ግርማ ባሌስትራ ማለት ጎማው ላይ ያለው ተነባባሪ ብረት መሆኑን እንኳ አያውቅም ነበር፤ አባባ እልህ ይዞት ያስረዳው ጀመር፣ እያስረዳም ራቱን በላ። እኔ ታላቅ ነኝና ወዲያው ነገሩ ገባኝ። ይሄ ሰው እንዲናገር ከተፈለገ የሚሰደብ መኪና ያስፈልገዋል።

እናም ኤንትሬውን እንደገና መስራት ጀመርን። አባባ ልኩን የሚያወጣው ከገዛ አካሉ ነው፤ ፓራውልቱ፣ የፊት መከላከያው፣ እስከዚህ ይመታኛል ብሎ ጉልበቱን ይነካል፣ ጭነት የሚጫንበት ካሶኒው ከዚህ እስከዚህ ብሎ በግድግዳው ላይ በክንዱ እየለካ ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ አንዱን ክንድ በአንድ የለስላሳ ቆርኪ ስፋት እንመነዝረዋለን። ክንድ በቆርኪ፤ የቤታችን ሕግ ይሄ ነበር። አንድ ጊዜ ግርማ ተቻኩሎ በራሱ ክንድ ለክቶ የኋላውን እግር ሰርቶ ቢያመጣ መኪናው ቂጠ ጠባብ ሆነና፣ አባባ በጣቱ አንዴ ዳብሶ «እኔን ገደል ልትከተኝ ነው እንዴ አንተ!» ብሎ በመስኮት ወረወረው። ደስ ብሎን ሮጠን አነሳነው፤ ሰውየው ጉልበት አግኝቷላ።

መለዋወጫ የሚባል ነገር የሚሸጥልን ሱቅ አልነበረም፤ ሱቃችን መሬቱ ነው። ጋቢናው የዘይት ጣሳ ነበር። ለባሌስትራው የሚሆን ስስ ብረት እማዬ ከፋብሪካ ታመጣለች፤ ጥጥ የሚታሰርበትን የብረት ቀበቶ ስብርባሪ ከነጠላዋ ስር ይዛ ስትወጣ በር ላይ የሚፈትሹት ዘበኞች ጨርቅ ሰረቀች ብለው ፈትሸው ዝገት ቢያገኙ «ሴትዮዋን ምን ነክቷት ነው?» ተባብለው አሳለፏት። ጎማው ከግርማ በረባሶ ተቆረጠ፤ እማዬም ተናድዳ በማግስቱ በቀረችው አንድ እግር በረባሶ ትምህርት ቤት ላከችው። ፍርግርጉ የእማዬ ማበጠሪያ ነው፤ እስክታገኘው ድረስ እሷም ከእኛ ጋር ትፈልገው ነበር። የፊት መስታወቱን የሰራነው ከራጅ ፊልም ነው፤ በበረኪና ብናጥበው ብናጥበው የሰውየው የጎድን አጥንት አልለቅ አለ፣ ስለዚህ የአባባ ኤንትሬ የማን እንደሆነ በማይታወቅ ደረት ውስጥ አሻግሮ የሚያይ መኪና ሆኖ ቀረ። እማዬ ባየችው ቁጥር ታማትባለች።

ለጎማው መሐል የምንፈልገው ግን የመርፌ መድኃኒት ጠርሙስ አናት ላይ ያለውን የላስቲክና የብረት ክዳን ነበር፤ እሱ የሚገኘው ደግሞ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ጥጥና ፋሻ በሚጣልበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። አሁን ሳስበው ሰውነቴ ይሰቀጥጠኛል። ደም የደረቀበትን ጥጥ በእንጨት እየገለጥኩ፣ ዝንብ ዓይኔ ላይ እያረፈ፣ እግሬ ስር መርፌ ይሁን ጠጠር ሳላይ፣ ያቺን ብርማ ቀለበት ባገኘሁ ቁጥር ወርቅ እንዳገኘ ሰው እጮህ ነበር። አንዴ የጤና ጣቢያው አስታማሚ ደርሶብኝ ጆሮዬን ይዞ ቤት ድረስ አመጣኝ። እማዬ በሳሙና፣ በአመድ፣ በሎሚ ፈተገችኝ፤ ለሳምንት ያህል ማንም ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ አልበላም። አባባ ብቻ ቀለበቱን በጣቶቹ መሐል እያሽከረከረ «እንዲህ ነው እንጂ» አለ። ለእኔ ይሄ ይበቃኝ ነበር።

ሙጫው ግን ከሁሉ የባሰ ነው። ከቆዳ ፋብሪካው የሚጣል ቅንጥብጣቢ ወንዙ ዳር ተቆልሎ ይበሰብሳል፤ እሱን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመን መጥተን በጣሳ ከጓሮ እንቀቅለዋለን፤ ሲቀልጥ ሙጫ ይሆናል፣ እስኪቀልጥ ግን የሞተ በሬ እንደገና የሞተ ነው የሚመስለው። ሽታው ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ጸጉር ውስጥ ይገባል፣ ሊጥ ውስጥ ይገባል። ጎረቤት ሰልፍ ወጣብን፤ «የምን ጥንብ ነው የምትቀቅሉት?» እያሉ በአጥር ላይ ይሰድቡናል፣ እማዬም ከእነሱ ጋር ሆና ትሰድበናለች፤ ዘወር ሲሉ ግን እንጨት ትጨምርልናለች። አባባ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ፣ የማያየው ዓይኑ እያለቀሰ፣ «ገና ነው፣ ይወፍር» ይላል። ያ ሽታ ዛሬም የሆነ ቦታ ቢመጣብኝ እሸሻለሁ፤ ሸሽቼ ግን ዞሬ አሸተዋለሁ።

መኪናው አልቆ፣ ሰኢድ ከየትም ያመጣት ቀይ ቀለም ተቀብቶ የደረቀ ዕለት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥንለት። ሰኢድም መጥቶ ነበር። አባባ ከፓራውልቱ ጀምሮ በሁለት እጁ ወደ ኋላ ሄደ፤ መብራቱን፣ ፍርግርጉን፣ የሹፌሩን በር፣ ባሌስትራውን ጫን ለቀቅ አድርጎ፣ የካሶኒውን ዙሪያ ስፖንዳ አንድ በአንድ። ትንፋሻችንን ውጠን እናያለን። ከኋላ ጎማው ሲደርስ እጁ ባዶ ጠረጴዛ ላይ መዳበስ ጀመረ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል። «ታኮውስ?» አለ።

ክው አልን። ታኮ ማለት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም እንዳይንሸራተት ከጎማው ስር የሚገባው እንጨት ነው፤ የረዳት ዋና ስራ እሱ ነው፤ መኪናው ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ታኮ መክተት። የሹፌር ልጆች ሆነን፣ የባሌስትራውን ቅጠል ቆጥረን፣ ታኮን ረሳን! አባባ «ፍሬን ያታልላል፣ ታኮ አያታልልም፤ ይሄ መኪና ገዳይ ነው» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ፊቱ ወደ ግድግዳው ሊዞር ሲል ሰኢድ ብድግ ብሎ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ በከረጢት የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ የእውነተኛው ኤንትሬ ታኮ ነው። መኪናው ሲበለት ሁሉም ብረቱን ሲሻማ፣ ማንም ያልፈለገውን ያን የወይራ እንጨት ሰኢድ ተሸክሞ ወስዶት ኖሯል። ከጥጉ በመጋዝ ቆረጠ፣ በሴንጢ ጠረበው፣ አውራ ጣት የምታህል ታኮ አወጣ፣ በክር አድርጎ ከካሶኒው ስር አሰራት። አባባ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አሸተታት። ናፍጣና ወይራ ይሸት ነበር፣ እኔም ሸቶኛል። ከዚያ አባቴ፣ ያ ቁጡ ሰው፣ «ሰኢዶ፣ አንተ ውሻ!» ብሎ እየሳቀ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ኖረ። ከምሳ በኋላ መኪናውን ያወርድና ጠረጴዛው ላይ አሰብ ድረስ ይነዳል፤ አዋሽን፣ ሚሌን እየጠራ፣ ከማናየው ሹፌር ጋር እየተሰዳደበ፣ ዳገት ላይ ደርሶ ሲቆም ታኮዋን ከኋላ ጎማው ስር እየከተተ። በእጅ ብዛት የሹፌሩ በር ቀለም በአውራ ጣቱ ልክ ተልጦ ጣሳው ወጣ። ሲጨርስ መስኮቱ ደፍ ላይ ያቆመዋል፤ ደፉ ያዘነበለ ነው፣ ባቡሩ ደግሞ በየጊዜው ያንቀጠቅጠዋል፣ ግን ታኮዋን በጣቱ አረጋግጦ ነው ሁልጊዜ የሚተወው፣ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ያረፈ ዕለት ጠዋትም መኪናው እዚያው ደፉ ላይ፣ ታኮዋም ባስገባት ቦታ ነበረች። እማዬ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እንዳይነካት ከለከለች፤ በኋላም ቁም ሳጥኑ ላይ ስታሰፍረው መኪናውን አስቀድማ፣ ታኮዋን እንደ እሱ ከኋላ ጎማው ስር አስገባች። እኔም ከእሷ ስረከብ እንደዚያው አደረግሁ።

እና ባለፈው እሁድ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተነስቼ መደርደሪያው ጋ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ ከጎማው ስር አየሁ። የለችም። ካሶኒው ስር አየሁ፣ ክሩም የለም።

ያደሰው ናቲ የሚባል የቂሊንጦ ልጅ ነው፣ ትንንሽ መኪና ለሰብሳቢዎች የሚሰራ፤ ፊቴን አይቶ መጣ። አልዋሽም፣ እጁ የተባረከ ነው፣ ስራው ያምራል፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። ከኢንተርኔት የእውነተኛውን ኤንትሬ ልክ አውጥቶ፣ ፍርግርጉን በማሽን አትሞ፣ ጎማውን ከውጭ አስመጥቶ፣ ውስጡ ኩሽኔታ ገብቶለት በትንፋሽ እንደሚሽከረከር፣ ሁሉም ነገር «ልክ እንደ ኦርጅናሉ» መሆኑን እየነካካ አሳየኝ። ኦርጅናል! ከስሩ የነበረችው እንጨት የት እንደገባች ጠየቅሁት። «እሷማ ስንጥር ናት ማዘር፣ ዘይት የጠጣች ነገር፤ ከአሮጌዎቹ ጋር ጣልኳት። ምነው፣ ከፈለጉ ሌላ ልስራልዎት?» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ጣሳና ማበጠሪያ መሐል፣ ከራሱ ከአባባ መኪና የመጣችው ኦርጅናል እሷ ብቻ ነበረች።

ልጁ ምን ያድርግ፣ ማን ነገረው? ወደ ግርማ ዞርኩ። በረባሶውን የቆረጠው ግርማ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ትንፋሹን ውጦ የቆመው ግርማ። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ሲያስታውስ አየሁት፣ ፊቱ ከግንባሩ ጀምሮ እየወረደ ጠቆረ። «እታለም፣ ረስቼው...» ብሎ አፉን ያዘ። በሬሳ ሽታ ሙጫ ተጨማልቄ ያላስጠላኝ ዓለም፣ ይሄን በቀለም የሚያብለጨልጭ ካፌና የገዛ ወንድሜን አንድ ላይ አስጠላኝ። ልተፋበትም ነበር። የተላጠውን በር ፈለግሁ፤ የአባባ አውራ ጣት የነበረበት ቦታ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው፣ ለስላሳ፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ።

ነጠላዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል ከታች መንገዱ ላይ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና አለፈ። ፎቁ ተንቀጠቀጠ፣ ብርጭቆው ተንጫጫ። ኤንትሬው በዚያ በሚያምር አዲስ ጎማው ወደ መደርደሪያው ጠርዝ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። «ወይኔ፣ በራሱ ይሄዳል'ኮ!» ብሎ አንዱ ደንበኛ ሳቀ፣ ሌላዋ ልትቀርጸው ስልኳን አወጣች። እኔ መቼ እንደደረስኩ አላውቅም፤ ጣቴን ከኋላ ጎማው ስር ከትቼ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። መኪናው ቆመ። ያልደረቀው የካሶኒው ቀለም ጣቴ ላይ ተጣበቀ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

አስተናጋጇ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «እትዬ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ቆይ ልጄ» አልኳት። ሌላ ከባድ መኪና እየመጣ ነበር።